ሌሊት የሚያንጎራጉረው ካራቫን

እሱ፦ እህቴ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ወደ እስራኤል ሲመጡ ብዙዎቹ ካራቫን፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ጊዜያዊ ቤት፣ ገብተው ነበር። እናቴ ቤርሼባ፣ ናሐል በቃ በሚባለው የካራቫን ሰፈር የነበሩበትን ጊዜ ስታነሣ አሁንም የሚታወሳት ሌሊቱን ሙሉ «እምምም» የሚለው ግድግዳ ነው። መብራት ከሌለበት የጎንደር ገጠር ለመጣ ሰው እንቅልፍ ይነሣል።

እሷ፦ ኤሌክትሪኩ ይሆናል፣ ጋሼ። እዚህ አገር መብራቱ በሴኮንድ 50 ዙር ይመላለሳል። የትራንስፎርመሩ ብረት በየዙሩ ሁለት ጊዜ ስለሚለጠጥና ስለሚሰበሰብ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ስስ ግድግዳ ደግሞ እንደ ከበሮ ያጎላዋል።

እሱ፦ ዛሬ ከቂርያት ጋት በካራቫን መኪና ወደ ኪኔሬት ሐይቅ ለሽርሽር የሚወጡት ልጆቻችንስ? ሲሰሙት ይስጉ?

እሷ፦ ለስለስ ያለና የማይለዋወጥ ከሆነ አይስጉ። የመኪናው ባትሪ መሙያ ማራገቢያም መሙያው ሲሞቅ ተነሥቶ ይጮኻል። እኔን የሚያስፈራኝ ጭርጭር እያለ የሚቆራረጠው፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸተው ነው። ብዙ ጊዜ የላላ ሽቦ ነው፤ እሳት ያስነሣል። አደራ፣ ማንም ወደ ሽቦው እጁን እንዳይሰድ! ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፍቶ፣ ከውጭ መብራት የሚያመጣውን ገመድ ነቅሎ፣ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይጥራ።

እሱ፦ ለእናቴ ያኔ ይህን በአማርኛ የነገራት ሰው አልነበረም። ዛሬ ማታ ቤት ስገባ እነግራታለሁ።