በባንክ ስም ስለሚላክ የማጭበርበሪያ ኢሜይል በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነግራችሁ በራሳችን የደረሰውን ነው። ሰሞኑን በጽሕፈት ቤታችን ኢሜይል አንድ ደብዳቤ ገባ። አርማው የብሔራዊ ባንክ ነው። «ውድ ደንበኛ፣ ሒሳብዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል፤ እንዳይዘጋ ከታች ያለውን ተጭነው ሚስጥር ቁጥርዎን ያስገቡ» ይላል። የለቅሶ ማስፈጸሚያ ገንዘባችን ነውና ደነገጥን። ገንዘብ ያዣችን ቁጥሩን ሊጽፍ ሲል፣ መዋጮ ሊከፍሉ የመጡ አንዲት እናታችን «ቆይ እንጂ ልጄ፣ እኛ ደብተር ያወጣነው ከብሔራዊ ባንክ ነው እንዴ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ብሔራዊ ባንክ ባንኮችን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ነው እንጂ የነዋሪውን የቁጠባ ደብተር አይዝም። ስለሆነም ሚስጥር ቁጥራችንን የሚጠይቅበት ጉዳይ የለውም። ደብተራችን ያለበት ባንክም ቢሆን ሚስጥር ቁጥርንና በስልክ የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር ንገሩኝ አይልም።

ታዲያ እንዴት እንለየው?

1ኛ/ የላኪውን ስምና አርማ ብቻ አትመኑ። ስም ማንም እንደፈለገ ይጽፋል፤ አርማም ይቀዳል። ሙሉ አድራሻውን ፊደል በፊደል ተመልከቱ። አንዲት ፊደል ብቻ ለውጠው የሚያመሳስሉ አሉ።

2ኛ/ የሚያጣድፍና የሚያስፈራራ መልእክት ሲመጣ ቆም በሉ። ሌባው የሚፈልገው ሳናስብ እንድንነካው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

3ኛ/ ተጫኑ የሚለውን ሊንክ አትጫኑ። ቁርጥ የባንኩን የሚመስል የሐሰት ገጽ ይከፍትላችኋል፤ እዚያ የጻፋችሁት ሁሉ ሌባው እጅ ይገባል።

ጥርጣሬ ካደረባችሁ በእግራችሁ ቅርንጫፉ ድረስ ሂዱ፤ ወይም በባንክ ካርዳችሁ ጀርባ ባለው ስልክ ደውሉ። በኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ስልክ ግን አትደውሉ፤ የሚያነሣው ራሱ ሌባው ነውና።

ቁጥሩን የሰጠ ካለም አይፈር። ወዲያው ለባንኩ አስታውቆ ሒሳቡን ያሳግድ፣ ሚስጥር ቁጥሩን ይለውጥ፣ ለፖሊስ ያመልክት። መልእክቱ ማስረጃ ስለሆነ አያጥፋው። እኛ የኮሚቴ ሰዎች ተብለን ለመታለል ምን ቀረን? ዝም ያለ ሰው ግን ጎረቤቱንም ያስበላል።

ከእንግዲህ ስለ ማኅበሩ ገንዘብ የሚመጣ መልእክት ሁሉ ሁለት ሰው ሳያየው እንዳይነካ ወስነናል። እናንተም በየቤታችሁ እንዲሁ አድርጉ፤ ላልሰማም አሰሙ።

የማኅበሩ ጸሐፊ