የአእምሮ ሕመምተኛ በሙስሊሙ ታሪክ ውስጥ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በየቤታችን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚወራ ነው። ልጃችንን ወባ ቢይዘው ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቅ ይመጣል። አእምሮው ሲታወክ ግን በር ይዘጋል፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል፤ ከባሰም በሰንሰለት ይታሰራል። ይህን የምናደርገው በክፋት አይደለም። ሐፍረት አለ፤ ሌሊት ወጥቶ እንዳይጠፋ የሚል ሥጋትም አለ። ከሁሉም በላይ ግን «የጂን ነገር ነው፣ ሐኪም አያውቀውም» የሚል አነጋገር አለ። ይህን አነጋገር እንደ ዲን ትእዛዝ የያዙት ብዙዎች ስለሆኑ፣ የቀደሙት ሙስሊሞች ምን ያደርጉ እንደነበር ላስታውስ።

እነርሱም በጂን መኖር ያምኑ ነበር፤ የሚቀሩት ቁርአን እኛ የምንቀራው ነው። እምነታቸው ግን ሐኪም ቤት ከመሥራት አላገዳቸውም። ኑረዲን ዘንጊ በ1154 እ.ኤ.አ. ደማስቆን ከያዘ በኋላ በስሙ የሚጠራውን ቢማሪስታን አሠራ። ቃሉ ከፋርስኛ የመጣ ሲሆን የሕመምተኞች ቦታ ማለት ነው። በዚያው ምዕተ ዓመት፣ በ1180ዎቹ፣ ከአንዳሉስ ለሐጅ የተነሣው ኢብን ጁበይር በመንገዱ ያያቸውን ሐኪም ቤቶች ጽፏል። በካይሮ ሰላሑዲን ባሠራው ቤት ለአእምሮ ሕመምተኞች የተለየ፣ መስኮቱ ብረት የሆነ ሰፊ ቦታ ነበር፤ በየቀኑ ሁኔታቸውን እያዩ የሚያስፈልጋቸውን የሚሰጡ ሰዎችም ተመድበው ነበር። ስለ ደማስቆው ሲጽፍ ደግሞ በሰንሰለት የታሰሩ ሕሙማን መኖራቸውን አልደበቀም። እኛ ታሪካችንን ስናወሳ ማሩን ብቻ መቅመስ እንወዳለን፤ ሰንሰለቱም ነበረ። ነገር ግን የታሰረው ሰው ሐኪም ያየው ነበር፤ የሚበላውም ተመድቦለት ነበር።

ይህን ሁሉ ያቆመው ወቅፍ ነው። ሱልጣን ቀላውን በ1284 በካይሮ የከፈተው ትልቁ ቢማሪስታን ከሱቆችና ከመታጠቢያ ቤቶች ኪራይ ይተዳደር ነበር። ሀብታምና ድኻ፣ ወንድና ሴት፣ የአገሩ ሰውና መንገደኛ ሳይለይ እንዲታከምበት በወቅፉ ተደንግጓል። በሐለብ ከተማ አርጉን አል ካሚሊ በ1354 ያሠራው ቤት የአእምሮ ሕመምተኞች ክፍሎች በትንሽ ግቢ ዙሪያ የተሠሩ ናቸው፤ በግቢው መካከል ውኃ አለ። በኤዲርኔ ሱልጣን ባየዚድ 2ኛ በ1488 ባሠራው ሐኪም ቤት ደግሞ አሥር ሙዚቀኞች በሳምንት ሦስት ቀን እየመጡ ለሕሙማኑ ይጫወቱ እንደነበር፣ በጸደይ ወራትም አበባ እንዲያሸቱ ይሰጣቸው እንደነበር ተጓዡ ኤቭሊያ ቸለቢ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ጽፏል። (ኤቭሊያ ነገር ማጋነን የሚወድ ሰው ነበር ይባላል፤ ቤቱ ግን ዛሬም ቆሞ ሙዚየም ሆኗል።)

ከእነዚህ ሁሉ በፊት የነበረውን አቡ ዘይድ አል በልኺን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ934 ገደማ ያረፈ ዓሊም ነው። ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፈው መጽሐፉ፣ ሐኪሞች አካልን ብቻ እያከሙ ነፍስን መርሳታቸውን ይወቅሳል። ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ኀዘንንና ወስዋስን እያንዳንዳቸውን ለይቶ ያብራራል። ምክንያቱ የሚታወቅ ኀዘን አለ፤ ምክንያቱ የማይታወቅ፣ ከሰውነት የሚነሣ ኀዘንም አለ ይላል። «ምን ጎደለህና ታዝናለህ?» እያልን የምንቆጣው ሰው ይህ ሁለተኛው ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ሆነና ተረሳ? የወቅፉ ገቢ ሲመናመን ቤቶቹም አብረው ወደቁ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የቀላውን ቤት ሕሙማን አንገታቸው በሰንሰለት ታስሮ የሚጎበኙበት የጎስቋሎች ቦታ ሆኖ ነበር። ማሪስታን የሚለው ስም ራሱ በካይሮ ሰዎች አፍ የእብዶች ቤት ማለት ሆነ። በዲኑ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተቋረጠው ገንዘቡና ጥንቃቄው ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። ሸሪዓ አእምሮው የታወከን ሰው ባደረገው አይጠይቀውም፤ በሱረቱ ኒሳእ ደግሞ ገንዘቡን ማስተዳደር የማይችል ሰው እንዲበላ፣ እንዲለብስና መልካም ንግግር እንዲነገረው ታዟል። ዱዓውን እናድርግ፣ ቁርአኑም ይቀራለት፤ ይህን የሚከለክል ሐኪም ያለ አይመስለኝም። ሐኪሙን የምንከለክለው እኛ ነን። በ1952 በፓሪስ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ለዚህ ሕመም መሰጠት ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሰዎች ከሰንሰለት ወጥተው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሁሉም ወደ አዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ይላክ ነበር፤ ዛሬ ግን በክፍለ አገር ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ሕክምናው ይገኛል። ችግሩ ብዙውን ጊዜ መመላለሱ ላይ ነው። ሕመምተኛው ሲሻለው መድኃኒቱን ይተዋል፤ ወይም መሳፈሪያ ያጣል፤ ወይም በባዶ ሆድ መድኃኒቱ ይከብደዋል።

ስለዚህ ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየወሩ ከሚሰበሰበው ሰደቃ ጥቂቱ ለእነዚህ ሰዎች መሳፈሪያ፣ ቀለብና መድኃኒት መግዣ ተለይቶ ይቀመጥ፤ የተረጂው ስምም ከሁለት ሰው በላይ እንዳይታወቅ ይደረግ። ሕመምተኛ ይዞ ሐኪም ቤት ለመሄድ ጊዜ ያለው ወንድም ወይም እኅት ካለ ከሶላት በኋላ ጸሐፊውን ያነጋግር።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።