ከአቀበቱ ማዶ

ፈረንሳዊው የመኪና ውድድር አሽከርካሪ አንትዋን ኡቤር የሞተው ቅዳሜ ነሐሴ 25 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2019) ቤልጂየም ውስጥ ስፓ ፍራንኮርሻ በሚባለው የውድድር ጎዳና ላይ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ዛሬ ወሎ ውስጥ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ከሚመረቁት ወጣቶች ብዙዎቹ በዚያው የዕድሜ ክልል ውስጥ ናቸው። በምረቃ ቀን የወጣት ሞት ማንሣት ለጆሮ ይከብዳል፤ የኡቤር ሞት ግን ከሞተ በኋላ በተሠራው ሥራ ምክንያት ሊነገር የሚገባው ነው።

ኡቤር እ.ኤ.አ. በ1996 በሊዮን ከተማ ተወለደ። እንደ አብዛኞቹ የሙያ ባልደረቦቹ በልጅነቱ በካርቲንግ፣ ማለትም በትንንሽ መኪኖች ውድድር፣ ጀመረ። በ2013 የፈረንሳይ ፎርሙላ ፎር ሻምፒዮን፣ በ2018 ደግሞ የጂፒ ስሪ ሻምፒዮን ሆነ። በዓመቱ ከፎርሙላ ዋን አንድ ደረጃ ብቻ ወደሚያንሰው ፎርሙላ ቱ አለፈና 19 ቁጥር የተጻፈበትን መኪና ያዘ። በሞናኮ ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት አሸነፈ፤ ወዲያው በአገሩ በፖል ሪካር ደገመው። የሀብታም ቤት ልጅነት በሚያስፈልገው በዚህ ስፖርት ውስጥ ኡቤርን ወደ ላይ የገፋው ከሁሉ በላይ ውጤቱ ነበር።

እነዚህ መኪኖች ከከተማ መኪና የሚለዩት ጎማቸው ከአካላቸው ውጭ ገላጣ በመሆኑ ነው። መከለያ የለውም፤ አሽከርካሪውም ጣሪያ የለውም። ገላጣነቱ መኪናውን ያቀልለዋል፣ አደጋውን ግን ያከብደዋል። የኋለኛው መኪና የፊት ጎማ የፊተኛውን የኋላ ጎማ ከነካው፣ ወደ ላይ የሚሽከረከረው ጎማ ያገኘውን ይዞ ስለሚነሣ መኪናው ወደ አየር ይወረወራል። ተነቅሎ የሚወጣ ጎማም ከተወነጨፈ ድንጋይ አይለይም።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሰርቲስ የሞተው በዚህ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 በብራንድስ ሃች ጎዳና ከሌላ መኪና የተነቀለ ጎማ ነጥሮ ራሱን መታው። ዕድሜው 18 ነበር። አባቱ ጆን ሰርቲስ በሞተር ብስክሌትም በፎርሙላ ዋንም የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ብቸኛ ሰው ነው፤ በጉልምስናው ያን ሁሉ አደጋ በሕይወት ተሻግሮ በስተርጅናው ልጁን ቀበረ።

ከዓመታት በኋላ የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪው የዡል ቢያንኪ ተራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 በጃፓን ሱዙካ፣ ዝናብ በሚያወርደው ሰማይ ሥር፣ ከጎዳናው የወጣ ሌላ መኪና በማንሻ ትራክተር እየተነሣ ሳለ የቢያንኪ መኪና ተንሸራትታ ከትራክተሩ ሥር ገባች። ዘጠኝ ወር ራሱን ስቶ ቆይቶ በጁላይ 2015 በ25 ዓመቱ ዐረፈ። ከአየርተን ሴና ወዲህ፣ ማለትም ከ1994 በኋላ፣ በፎርሙላ ዋን ውድድር ላይ በደረሰ አደጋ የሞተ የመጀመሪያው አሽከርካሪ እሱ ነው። የቤተሰቡ ሐዘን እንኳ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የአያቱ ወንድም ሉሲየን ቢያንኪ በ1969 ለ ማን በሚባለው ውድድር ልምምድ ላይ ሞቷል።

ስፓ ያለው በአርደን ተራሮች ውስጥ ሲሆን አንዱ ዙር ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። እንደ ወሎ ደጋ ሁሉ አንዱ ጥግ ሲዘንብ ሌላው ጥግ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ከመነሻው ብዙም ሳይርቅ ጎዳናው «ቀይ ውኃ» የሚል ትርጉም ወዳለው ኦ ሩዥ ወደሚባል ጅረት ይወርድና ሬዲዮን ወደሚባለው አቀበት ይወጣል። ሬዲዮን ማለትም አቀበት ማለት ነው። መኪኖቹ ሽቅብ የሚወጡት ነዳጅ ሳይቀንሱ ነው፤ አሽከርካሪው ግን ከአናቱ ማዶ ያለውን አያይም። ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ የሚወጣ ሹፌር ይህን ያውቀዋል። አርዲቦ ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ካለው ከታችኛው ሐይቅ ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ትርፍ ውኃውንም ቁልቁል ወደ እሱ የሚለቅ ስለሆነ ወደዚህ የሚመጣ ሁሉ አቀበት ይወጣል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ጥሩንባ የሚነፋው ከማዶ የሚመጣውን ማየት ስለማይቻል ነው። በስፓ ጥሩንባ የለም፤ ቢጫ ባንዲራ ነው ያለው።

በዚያ ቅዳሜ ውድድሩ ገና በሁለተኛው ዙር ላይ ነበር። ከፊት ያለ አንድ መኪና በአቀበቱ ላይ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ከአጥሩ ጋር ተጋጨ። ተከታዩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ኡቤር ከእሱ ላለመጋጨት ወደ ቀኝ ሲሸሽ ነካውና ከአጥሩ ጋር ተላተመ፤ አጥሩም መልሶ ወደ ሜዳው አፈናጠረው። የኡቤር መኪና ልትቆም ተቃርባ ጎኗን ሰጥታ ሳለ፣ ፍርስራሽ የመታት የሌላው ተወዳዳሪ የኹዋን ማኑኤል ኮሬያ መኪና መሪዋ አልታዘዝ ብሎ በሰዓት 218 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጣችባት። ባንዲራ ያዦቹ ቢጫውን ያውለበለቡት ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። ነገሩ ሁሉ ከመነሻው እስከ መጨረሻው 15 ሰከንድ ያህል ነው የፈጀው።

ገዳዩ ነገር አቅጣጫው ነበር። የእንዲህ ያለ መኪና አፍንጫ ሆን ተብሎ እንዲሰባበር ይሠራል፤ እየተሰባበረ የግጭቱን ጉልበት ይውጣል። ጎኑ ግን ለመሰባበር የሚሆን ውፍረት የለውም፤ ከአሽከርካሪው ገላ እስከ ውጭው ያለው ርቀት በስንዝር የሚለካ ነው። የግጭት ጉልበት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ስሌት በደሴና በወልድያ መካከል ቁልቁለት የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌርም ቢያውቀው አይጎዳም።

ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ምርመራውን አጠናቆ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 ይፋ አደረገ። ውጤቱ ብዙ ሰው የጠበቀው አልነበረም። ለአደጋው አንድ ብቸኛ ምክንያት አልተገኘም፤ የተገኘው የክስተቶች ሰንሰለት ነው። ከአሽከርካሪዎቹ ማንም ቢጫውን ባንዲራ ችላ ብሏል የሚያሰኝ ማስረጃም አልተገኘም። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ መኪና ሲገለበጥ ሁለት ነገሮች ቶሎ ይባላሉ፤ «ጥፋቱ የሹፌሩ ነው» ወይም «የእግዜር ቁጣ ነው»። የመጀመሪያው ፍርድ ቤትን፣ ሁለተኛው ለቅሶ ቤትን ያገለግል ይሆናል። ሁለቱም ግን አጥሩ መኪናውን ለምን መልሶ እንዳፈናጠረ አይጠይቁም። የፌዴሬሽኑ መርማሪዎች የጠየቁት ይህንን ነው።

ከዚያ በፊት የሞቱትም እንዲሁ ተመርምረዋል። ከቢያንኪ አደጋ በኋላ፣ በ2015፣ አደጋ ሲደርስ መኪኖች ሁሉ ባሉበት ፍጥነታቸውን በተወሰነ ልክ እንዲቀንሱ የሚያስገድድ ሥርዓት ገባ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በአሽከርካሪው ራስ ዙሪያ የሚታጠፍ፣ ሃሎ የሚባል የቲታኒየም ቀለበት ግዴታ ሆነ። ስሙ በስልክ ከሚባለው «ሃሎ» ጋር አይገናኝም፤ በቅዱሳን ሥዕል ላይ ከራስ ዙሪያ የሚደረገው አክሊለ ብርሃን ነው፤ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጎረቤት ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ክብደቱ ጥቂት ኪሎ ሲሆን 12 ቶን ያህል ጫና ይሸከማል። ሲመጣ መልኩ አስቀያሚ ነው ተብሎ ብዙ ተነቅፎ ነበር። በኖቬምበር 2020 በባሕሬን የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪው የሮማን ግሮዣን መኪና በሰዓት 192 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የብረት አጥር ሰንጥቃ ገብታ በእሳት ስትያያዝ፣ ሃሎው ብረቱን ከራሱ ላይ ገፍቶለት በ27 ሰከንድ ውስጥ ከእሳቱ ወጣ። ነቀፋው ከዚያ ወዲህ እምብዛም አልተሰማም።

ሃሎው በኡቤር መኪና ላይም ነበር። ጉዳቱ ግን ከጎን መጣ።

ስለዚህ ከእሱ በኋላ የተሠራው ሥራ ጎንን የሚመለከት ነው። የ2022 የፎርሙላ ዋን መኪኖች አፍንጫቸው ከቀድሞው የበለጠ የግጭት ጉልበት እንዲውጥ፣ ጎናቸውም ይበልጥ እንዲጠነክር ተደርገው ተሠሩ። በሬዲዮን አጥሩ ወደ ኋላ እንዲርቅ፣ ከጎዳናው የወጣ መኪናም ተመልሶ መሐል እንዳይገባ የማምለጫ ሜዳው ሰፋ። ይህ ሁሉ ተጠናቆ ሳለ በጁላይ 2023 የ18 ዓመቱ ሆላንዳዊ ዲላኖ ፋንት ሆፍ፣ ከዚያው አቀበት ቀጥሎ ባለው ቀጥታ ጎዳና ላይ፣ በዝናብ ጭጋግ ውስጥ፣ የቆመ መኪናው በሌላ መኪና ተመትቶ ሞተ። አጥር ማራቅ ይቻላል፤ ከፊት ካለው መኪና ጎማ የሚነሣውን የውኃ ጭጋግ ግን እስካሁን የገታው የለም።

መታሰቢያው ከምሕንድስናው ጎን ለጎን ይሄዳል። በአገራችን ጀግና የሚጠራው በፈረሱ ስም ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ጌታው ሲሞት ፈረሱ ከነኮርቻው ለቅሶ ላይ እየተመራ ይወጣ ነበር፤ አልቃሽም በፈረሱ ስም ሙሾ ታወርድ ነበር። በመኪና ውድድር የፈረስ ስምን ቦታ የያዘው ቁጥር ነው። ቢያንኪ ሲሞት 17 ቁጥር ከፎርሙላ ዋን ተነሣ። ኡቤር በሞተ ማግሥት፣ እሑድ፣ የፎርሙላ ቱ ሁለተኛ ውድድር ተሰረዘ፤ የፎርሙላ ዋኑ ግን ተካሄደ። መካሄዱ ያስቆጣቸው ሰዎች ነበሩ፤ ቁጣቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። 19ኛው ዙር ሲደርስ ተመልካቹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። ያሸነፈው የቢያንኪ የክርስትና ልጅ፣ የኡቤርም የካርቲንግ ዘመን ጓደኛ የሆነው ሻርል ለክሌር ነው። በፎርሙላ ዋን የመጀመሪያ ድሉ ነበር፤ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ እንጂ አልጨፈረም። ፎርሙላ ቱ በበኩሉ የዓመቱን ምርጥ አዲስ ተወዳዳሪ የሚሸልምበትን ሽልማት በኡቤር ስም ሰየመው።

በዚያ ቀን ኡቤርን የመታው ኮሬያ እግሮቹ ክፉኛ ተሰባብረው ለሳምንታት በሐኪም ትእዛዝ በሰመመን እንዲቆይ ተደርጎ ነበር። ብዙ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፣ መራመድን እንደገና ተማረ። በ2021 በፎርሙላ ስሪ ወደ ውድድር ተመለሰ፤ በ2023 ደግሞ በፎርሙላ ቱ ተወዳደረ። ከተመለሰበት ዓመት ጀምሮ መርሐ ግብሩ ስፓንም ይጨምር ስለነበር ያንኑ አቀበት እንደገና ወጣው።