11,608 ለ 11,608፦ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?

ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። ስለ ምርጫ ነው የማወራው። ቆይ፣ ቆይ፣ አትዝጉት! ስለ ቢቢ አይደለም፣ ስለ ክኔሴትም አይደለም፤ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። አሜሪካ ውስጥ ስላለች አንዲት የምርጫ ክልል ነው።

ምርጫ በመጣ ቁጥር ከጓደኞቼ የምሰማው አንድ ነገር አለ፦ «ተወኝ በናትህ፣ የእኔ አንድ ፔቴክ ምን ይለውጣል?» ይሄንን ጥያቄ በደንብ የሚመልስ ታሪክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ምርጫ ሥርዓቶች ስንማር አገኘሁ። መልሱ ግን «አዎ ይለውጣል፣ በቃ» የሚል ብቻ አይደለም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

መጀመሪያ ነገሩን እናስተካክል። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ፓርላማ አለው። የቨርጂንያን እንውሰድ። ሁለት ምክር ቤት አላት፤ ሴኔቱ 40 መቀመጫ፣ የተወካዮች ምክር ቤቱ 100 መቀመጫ። በ2010 ቆጠራ የግዛቲቱ ሕዝብ 8 ሚሊዮን ነበር። ለ100 ካካፈላችሁት አንድ ተወካይ ለ80,000 ሰው ገደማ ማለት ነው። እያንዳንዱ ክልል አንድ ሰው ብቻ ይመርጣል። አንደኛ የወጣው ይገባል፣ ሁለተኛ የወጣው ቤቱ ይሄዳል። ምርጫው በየሁለት ዓመቱ ነው።

እኛ ጋ ሌላ ነው። እስራኤል ውስጥ ሀገሩ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ነው። ሰው አንመርጥም፣ የፓርቲ ዝርዝር ነው የምንመርጠው። ኢትዮጵያ ደግሞ እንደ ቨርጂንያ ናት፤ ለ547 መቀመጫ 547 የምርጫ ክልል፣ ከእያንዳንዱ አንድ ሰው።

እሺ፣ አሁን ወደ ታሪኩ።

ቨርጂንያ ውስጥ ኒውፖርት ኒውስ የምትባል ከተማ አለች። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የሚሠሩባት የወደብ ከተማ ናት። 94ኛው የምርጫ ክልል እዚያ ነበር። በኖቬምበር 2017 ሁለት ዋና ተወዳዳሪዎች ነበሩ። አንዱ ዴቪድ ያንሲ፣ ሪፐብሊካን፣ ወንበሩ ላይ የነበረው። ሌላዋ ሼሊ ሳይመንድስ፣ ዴሞክራት፣ የከተማው የትምህርት ቦርድ አባል። በ2015ም ተወዳድራው ተሸንፋ ነበር።

በዚያ ምርጫ ትልቅ ነገር ተንጠልጥሎ ነበር። ከምርጫው በፊት ሪፐብሊካኖች ከ100 መቀመጫ 66 ነበራቸው። በዚያች ሌሊት ዴሞክራቶች 15 መቀመጫ ነጠቋቸውና 51 ለ49 ሆነ። 94ኛው ቢገለበጥ ደግሞ 50 ለ50 ይሆናል፤ ማንም ብቻውን አይመራም።

የመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲ በ10 ድምፅ ይመራል አለ። ልብ በሉ፣ ወደ 24,000 ሰው ነው ድምፅ የሰጠው። እንደገና ይቆጠር ተባለ። ዲሴምበር 19 ተቆጠረ፦ ሳይመንድስ 11,608፣ ያንሲ 11,607። በአንድ ድምፅ አሸነፈች! ጋዜጣው ጻፈ፣ ሰው እንኳን ደስ አለሽ አላት።

በማግስቱ ሦስት ዳኞች ውጤቱን ለማጽደቅ ተቀመጡ። እዚያ ላይ አንዲት ወረቀት መጣች። መራጩ ወይም መራጯ የሁለቱንም ዕጩዎች ክብ ሞልተዋል። ከዚያ በሳይመንድስ ክብ ላይ መስመር ተሰርዟል። ቆጣሪዎቹ «ሁለት መርጧል፣ አይቆጠርም» ብለው አስቀምጠዋት ነበር። ከቆጣሪዎቹ አንዱ ግን ሌሊቱን አስቦበት ለፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። ዳኞቹ አዩት፤ በሌሎቹ ምርጫዎች ሰውየው ለሪፐብሊካኖች ነው ድምፅ የሰጠው። ስለዚህ ይሄም የያንሲ ነው ብለው ወሰኑ። 11,608 ለ 11,608። እኩል!

እኩል ሲሆን ምን ይደረጋል? የቨርጂንያ ሕግ ዕጣ ይውጣ ይላል። እውነቴን ነው። ጃንዋሪ 4, 2018 የግዛቲቱ የምርጫ ቦርድ በካሜራ ፊት ተቀመጠ። ሁለት ስም በሁለት ወረቀት ተጻፈ፣ እያንዳንዱ የድሮ የፎቶ ፊልም መያዣ ቆርቆሮ ውስጥ ገባ፣ ቆርቆሮዎቹ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገቡ። ተናወጠ፣ አንዱ ወጣ። ያንሲ። ምክር ቤቱ 51 ለ49 ሆኖ ቀረ። ሳይመንድስ ምክር ቤቱ በተከፈተበት ቀን፣ ጃንዋሪ 10፣ ሽንፈቷን ተቀበለች።

ይሄን ሳነብ ምን ትዝ አለኝ መሰላችሁ? እቁብ። እናቶቻችን የእቁብ ዕጣ ሲያወጡ ማንም አይጣላም። ለምን? ዛሬ ያልደረሰው ነገ ይደርሰዋል። ገንዘቡ ለሁሉም ይዞራል። የቨርጂንያው ዕጣ ግን እንደዚያ አይደለም። ዕጣ ያልወጣለት ግማሽ ሕዝብ ለሁለት ዓመት የመረጠው ሰው ምክር ቤት አይገባለትም። ሳህኑ ፍትሐዊ ነው፣ ለማንም አያዳላም። ግን ነገሩ ሳህኑ ጋ እንዳይደርስ ማድረግ ይቻል ነበር። እንዴት? ያን ቀን ቤቱ የቀረ አንድ ሰው ቢመጣ። አንድ! ከየትኛውም ወገን።

አሁን ግን ሌላውንም ጎን ልንገራችሁ፤ ድምፅ መስጠት ብቻውን አይበቃምና።

አንደኛ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ግዛት፣ 28ኛው ክልል ውስጥ ውጤቱ በ73 ድምፅ ተወሰነ። በኋላ ሲጣራ 147 መራጮች የሌላ ክልል ወረቀት ተሰጥቷቸው ነበር። ሰዎቹ ወጥተው፣ ተሰልፈው መርጠዋል፤ ግን አድራሻቸው በተሳሳተ ክልል ስለተመዘገበ የራሳቸውን ተወካይ አልመረጡም። ፌደራል ዳኛው አዲስ ምርጫ አላዘዘም።

ሁለተኛ፣ ካርታው። ክልል ያለበት ሀገር መስመሩን የሚያሰምር ሰው አለ። በ2011 የቨርጂንያ ምክር ቤት መስመሩን ሲያሰምር፣ በአንዳንድ ክልሎች ከመራጮቹ ቢያንስ 55 በመቶው ጥቁሮች እንዲሆኑ አድርጎ ነበር። ሲሰሙት ጥሩ ይመስላል አይደል? ግን አስቡት። ጥቁር መራጮችን ጥቂት ክልሎች ውስጥ ካጨቅካቸው፣ እዚያ በትልቅ ልዩነት ያሸንፋሉ፤ በአጠገቡ ባሉት ክልሎች ግን ድምፃቸው ይጠፋል። በ2018 ፍርድ ቤት 11 ክልሎች በዘር የተሰመሩ ናቸው ብሎ ወሰነ። ካርታው እንደገና ተሠራ፣ አጎራባች ክልሎችም ተነኩ፤ 94ኛውም አብሮ ተቀየረ።

በ2019 ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። ሳይመንድስ በሰፊ ልዩነት አሸነፈች፣ ዕጣ አላስፈለገም። ዴሞክራቶች 55 ለ45 ምክር ቤቱን ያዙ። አፈ ጉባኤ የሆነችው አይሊን ፊለር-ኮርን ናት፤ በዚያ ወንበር የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያዋም አይሁዳዊት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በዕጣ ያለቀው ምክር ቤት እንኳ እንደ ድሮው አልሆነም። ለዓመታት እምቢ ሲባል የነበረው ሜዲኬይድ የሚባለው ለድሆች የሚሆን የሕክምና መድን እንዲሰፋ በ2018 ተወሰነ። እስከ 400,000 ሰው ይጠቀማል የተባለለት ነው። በፌብሩዋሪ የተወካዮች ምክር ቤቱ ድምፅ ሲሰጥ 19 ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶቹ ጋር ቆሙ። ለምን? ልዩነቱ ሲጠብ ተወካይ መራጩን ይፈራል። ይሄ ነው የሚገርመኝ፤ የተሸነፈ ድምፅም ይሰማል።

እሺ፣ ወደ እኛ እንመለስ። «እኛ ጋ እኮ ክልል የለም» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። በ1996 ክኔሴት የገባው የመጀመሪያው የእኛ ሰው አዲሱ መሰለም፣ በ2020 ሚኒስትር የሆነችው ፕኒና ታማኖ-ሻታም የገቡት በፓርቲ ዝርዝር ነው። «የሰፈሬ ተወካይ» ብለን የምንደውልለት የክኔሴት አባል የለንም። ከሀገሩ ሕዝብ 2 በመቶ እንኳ አንሞላም፤ አሁዝ ሃሓሲማው ደግሞ 3.25 በመቶ ነው። ብቻችንን አናልፍም።

ግን እኛ ጋም ሳህን አለ፤ መልኩ ነው የተለየው። በአፕሪል 2019 ሃያሚን ሄሓዳሽ 3.22 በመቶ አግኝቶ ከ1,500 ባነሰ ድምፅ ውጭ ቀረ። በ2022 ሜሬጽ 3.16 በመቶ አግኝቶ ውጭ ቀረ። አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የሰጠው ድምፅ አንድም ወንበር ሳያመጣ ቀረ።

የከተማ ምርጫ ደግሞ አለ። ብዙዎቻችን የምንረሳው እሱን ነው። እዚያ ከ17 ዓመት ጀምሮ ይመረጣል። እንደ ቂርያት ማላኺ ባለ ከተማ እኛ ጥቂት አይደለንም። የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የሰፈር መብራት፣ የወጣቶች ማዕከል፣ እነዚህ ሁሉ ከዒሪያው ጋር የተያያዙ ናቸው። ለእኛ ከ94ኛው ክልል ጋር የሚመሳሰለው እሱ ነው።

ስለዚህ ከቨርጂንያ ሦስት ነገር ውሰዱ። አድራሻችሁን ከቀየራችሁ ምስራድ ሃፕኒም ሄዳችሁ አስተካክሉ፤ የምትመርጡበት ቃልፒ የሚወሰነው በተመዘገበው አድራሻ ነው፤ የ147ቱ ሰዎች ነገር አይድረስባችሁ። ኤንቨሎፑ ውስጥ አንድ ፔቴክ ብቻ አስገቡ፤ የሁለት ፓርቲ ከገባ ይሰረዛል፣ የሚያነበው ዳኛም የለም። ሦስተኛ፣ ሳባና ሳብታ «እኔ ማንበብ አልችልም፣ ልቅር» ካሉ አብራችኋቸው ሂዱ። ማንን እንደሚመርጡ አትንገሯቸው፤ መንገዱን ብቻ አሳዩአቸው። ያቺ ሳብታ 11,609ኛዋ ልትሆን ትችላለች።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ክኔሴት የሰፈር ተወካይ ቢኖረው ለእኛ ይሻለናል ወይስ የበለጠ ይጎዳናል? እኔ ገና አልወሰንኩም። ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል የጻፋችሁትን አነባለሁ።

በሉ ደህና ሁኑ፣ ለሂትራኦት!