እንለያይ የሚልም እናስመልስ የሚልም መጀመሪያ ሒሳቡን ያሳየን
(ለሐይቅና ለአምባሰል ወጣቶች የተደረገ ንግግር፣ ሙሉ ቃሉ)



ከውጫሌ ድረስ ለመጣችሁ፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ ለመጣችሁ፣ እንደ እኔ ዲግሪያችሁን ይዛችሁ ቤተሰብ ላይ ለተቀመጣችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ዛሬ የማወራው ስለ መገንጠል ነው። ቃሉ በጣም ቀሏል። ስልካችሁን ስትከፍቱ አንዱ «አንቀጽ 39 አለልን፣ እንለያይ» ይላል። ሌላው «አሰብን በጉልበት እናስመልስ» ይላል። ሁለቱም ብዙ ላይክ ያገኛሉ፤ ሁለቱም ግን ሒሳቡን አያሳዩንም። እኔ የምለው አጭር ነው፦ ሒሳቡ በአደባባይ ሳይቀርብና ሳንከራከርበት ማንም በስማችን አይወስን።

ወገኖቼ፣ የአንድ ወረቀት ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ ከአምባሰል ሰው በላይ ማን ያውቃል? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና ጣልያን የተዋዋሉት እዚሁ ውጫሌ ነው። በአንቀጽ 17 አማርኛው ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መነጋገር «ይቻላል» የሚል ነበር፤ ጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በአንድ ቃል ምክንያት ዓድዋ ድረስ ተሄደ። ልብ በሉ፣ አስመራን በጣልያን ወሰን ውስጥ ያስገባውም ያው ውል ነው። በ1882 ጣልያን ኤርትራ የምትባል ቅኝ ግዛት አወጀች። የዚህ ነገር አንዱ ሥር ያለው እኛው ቀዬ ነው።

ከጣልያን በኋላ የኤርትራ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ተወሰነ። በ1945 በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች፤ ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገም። ኅዳር 1955 ላይ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ያኔም ሕዝቡን የጠየቀ የለም። አንድ ዓመት ቀድሞ የተተኮሰው ጥይት የ30 ዓመት ጦርነት ሆነ። ስለዚህ «ኤርትራውያን ዝም ብለው ከዱን» የሚለውን ወሬ እንተወው። በደላቸው እውነተኛ ነበር።

ሦስተኛው ሚያዝያ 1985 ነው። ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ በላይ ኤርትራውያን ድምፅ ሰጡ፤ 99.8 በመቶው ነጻነትን መረጠ። ያ የእነሱ ድምፅ ነው፣ አከብረዋለሁ። የእኔ ጥያቄ በእኛ ቤት ምን ተደረገ የሚለው ነው። አንድ አገር ሲከፈል የሚቀረውም ወገን ሒሳብ አለው አይደል እንዴ?

በእኛ ቤት የተደረገው ይኼ ነው። በ1983ቱ የአዲስ አበባ ጉባኤ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው የተገኙት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ ይህ ጉባኤ በአገር መከፈል ላይ የመወሰን ሥልጣን የለውም ብለው ተቃወሙ። ሰሚ አላገኙም። ታኅሣሥ 1985 ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሕዝበ ውሳኔውን ተቃውመው ሰልፍ ወጡ፤ ተተኮሰባቸው፣ ሕይወት ጠፋ። በዚያው ዓመት ፕሮፌሰር አሥራትን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ። ክርክሩ በዚህ መንገድ ተዘጋ።

ክርክሩ ሲዘጋ ጥያቄዎቹም አብረው ተዘጉ። ወሰኑ መሬት ላይ አልተካለለም። ገንዘቡ ብር ሆኖ ቀጠለ፤ እስከ መቼ፣ በማን ቁጥጥር፣ በቅጡ አልተቋጨም። በ1990 መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋን አወጣች። አንድ ናቅፋ በአንድ ብር ይሁን አለች፤ ኢትዮጵያ እምቢ አለች፣ የብር ኖቷን ቀየረች፣ ከትንሽ የድንበር ንግድ በስተቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሬ ይሁን አለች። ያው ዓመት ሳያልቅ፣ ግንቦት ላይ፣ ባድመ ተነሣ።

የሰውስ ነገር? ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኤርትራውያን በ1985 ድምፅ ሲሰጡ ዜግነታችሁን ታጣላችሁ ያላቸው የለም። ጦርነቱ ሲመጣ ያ ድምፅ ማስረጃ ሆነባቸውና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተባረሩ። አሰብ ላይ እንጀራቸውን ይበሉ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በግንባር የወደቀው በአሥር ሺዎች ነው። መሪዎቹ ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ፈረሙ፤ የወሰን ኮሚሽኑ በ1994 ባድመን ለኤርትራ ሰጠ።

የወሎ ልጅ ይህን እንደ ሩቅ ታሪክ መስማት የለበትም። ከደሴ ኮምቦልቻን፣ ባቲንና ሚሌን ይዞ የሚወርደው መንገድ እኮ የአሰብ መንገድ ነው! ወሎ የወደቡ ደጃፍ ነበር። በ1990 መንገዱ ተዘጋ። ዛሬ ከአገሪቱ የውጭ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። አሰብን ያህል ቅርብ ወደብ እያለን ከዚህ አካባቢ የሚላከው ዕቃ ዞሮ ይሄዳል። ፋብሪካ ለምን እዚህ አይከፈትም ብላችሁ ስትጠይቁ ከመልሱ አንዱ ይኼ ነው።

እስቲ ሌሎችን እንይ። እንግሊዞች ሰኔ 2008 ላይ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ብለው 51.9 ለ48.1 ድምፅ ሰጡ። የወጡት ጥር 2012 ላይ ነው። በመሃል ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ተጨቃጨቁ፦ የአየርላንድ ወሰን፣ የዓሣ ማስገሪያው፣ የሚከፈለው ዕዳ፣ እዚያ የሚኖረው ዜጋ መብት። ጠቅላይ ሚኒስትሮች ወረዱ። ብዙ ሰው ሳቀባቸው፤ ግን በዚያ ፍቺ የተነሣ ጦር የዘመተበት አገር የለም። ፓርላማ ውስጥ መጨቃጨቅ ሜዳ ላይ ከመቀባበር ይሻላል።

ወደ አንቀጽ 39 ልመለስ። የሚጠይቀው የብሔሩ፣ የብሔረሰቡ ወይም የሕዝቡ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚዘጋጅ ሕዝበ ውሳኔ፣ አብላጫ ድምፅ፣ የሥልጣን ርክክብና በሕግ የሚወሰን የንብረት ክፍፍል ነው። በቃ። ወሰኑ የት ነው? ገንዘቡ የማን ነው? የአገሪቱን ዕዳ ማን ይከፍላል? ከሌላው ወገን ተወልዶ እዚህ ያደገው ሰው ዜግነቱ ምን ይሆናል? መንገዱና ውኃውስ? አንቀጹ ለእነዚህ መልስ የለውም። የ1985ቱን ጉድለት ሕገ መንግሥት ውስጥ አስገብተን ተቀምጠናል።

አሰብን በጉልበት ለምትሉ ወንድሞቼም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቁጭቱ እኔም ዘንድ አለ። ግን አልጀርስ ላይ ወሰኑ በ1892፣ በ1894 እና በ1900ው የቅኝ ግዛት ውሎች ይወሰን ብሎ የፈረመው የራሳችን መንግሥት ነው። የባሕር በር የሚጠየቀው ውል በሚያውቅ፣ ሕግ በሚያውቅ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሰጥቶ መቀበል በሚችል ሰው ነው። ፉከራ ሰነድ አይሆንም።

ጦርነት ቢነሣ የሚዘምተው ማን እንደሆነ ደግሞ እናውቃለን። ሥራ ያጣው ወጣት ነው፤ እኔና እናንተ ነን። በ2014 ጦርነቱ ውጫሌና ሐይቅ ሲደርስ ምን እንዳደረገን ለእናንተ አልተርክም።

ስለዚህ አደራ። ከዛሬ ጀምሮ «እንለያይ» ወይም «እናስመልስ» የሚል ስታገኙ አትሳደቡ፣ አታጨብጭቡም። አምስቱን ጠይቁት፦ ወሰኑስ? ገንዘቡስ? ዕዳውስ? ዜግነቱስ? መንገዱና ውኃውስ? መልስ ካለው ቁጭ ብለን እንከራከር። መልስ ከሌለው ልጆቻችንን አይጠይቀን።

ላልሰሙት አሰሙልኝ።