ተለማጭ ክንፍና የጣና ጀልባ



የእምቦጭ አረም ጣና ሐይቅ መግባቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ወዲህ ለሞተር ጀልባ ነጂዎች ፕሮፔለር የጭንቀት ምንጭ ሆኗል። አረሙ በሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ይጠመጠማል፤ ሞተሩ ይታፈናል፤ ነጂውም ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ በእጁ ሊፈታው ይገደዳል። የደንገል ታንኳ ቀዛፊ ይህ ችግር የለበትም፤ መቅዘፊያው አይሽከረከርምና። እንደ ዓሣ ጅራት ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ተለማጭ ክንፍም አረም ቢይዘው እንኳ እንደ ዘንግ አይጠመጥመውም። እርግጥ በንጹሕ ውሃ በሚገባ የተመረጠ ፕሮፔለር በቀላሉ የሚበለጥ መሣሪያ አይደለም፤ ይህን ሳያምኑ ወደ ሥራው መግባት አይበጅም።

ላስቲክ ቆርጦ ማወዛወዝ የሚበቃ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። አይበቃም። እጅግ የላላ ክንፍ ውሃውን ሳይገፋ ይታጠፋል፤ እጅግ የደረቀው ደግሞ ውሃውን ወደ ኋላ በመግፋት ፈንታ ወደ ጎን እየመታ ጉልበት ያባክናል። በአብዛኛው የሚጠቅመው ሥሩ ጠንከር፣ ጫፉ ሳሳ ያለና የሚወዛወዝበት ድግግሞሽ ከራሱ የተፈጥሮ ድግግሞሽ ጋር የሚቀራረብ ክንፍ ነው።

አዲስ አበባ ላለ መሐንዲስ ጣና ሩቅ ነው። ሆኖም የሥራው አንድ ክፍል ቦሌ አራብሳ ባለ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፣ ለቤት በተቀመጠ የውሃ በርሜል ሊጀመር ይችላል። ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የላስቲክ ክንፍ በአንድ ሜትር ርዝመት ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ ሲወዛወዝ አብሮት የሚንቀሳቀሰው ውሃ ግን በስሌት ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ በአየር ላይ በሰከንድ 4 ጊዜ የሚርገበገብ ክንፍ በውሃ ውስጥ ወደ 1 ጊዜ ዝቅ ይላል። ሞተሩን በአየር ላይ በተገኘው ቁጥር የመረጠ ሰው ገና ከመነሻው ስቷል። በርሜሉ ይህን ያሳያል እንጂ ብቃትን አይለካም፤ ምክንያቱም ካልተጓዘ ጀልባ የሚገኝ ጠቃሚ ሥራ የለም። ታስሮ ገመዱን በኃይል የሚወጥር ክንፍ ብቃቱ ዜሮ ነው፤ ይህ ዘወትር ይዘነጋል።

ጉዞው ሲጀመር የስትሩሃል ቁጥር የሚባለው ይመጣል፤ ይኸውም የክንፉ ጫፍ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድበት ስፋት በድግግሞሹ ተባዝቶ በፍጥነቱ ሲካፈል ነው። የሚዋኙና የሚበርሩ እንስሳት ሲጓዙ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ነው። ጫፉ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሄድ፣ በሰከንድ 1.5 ጊዜ የሚመላለስ ክንፍ በሰከንድ 1 ሜትር ለሚጓዝ ጀልባ 0.3 ይሰጣል።

አስቸጋሪው ፍጥነት ሲለወጥ ነው። የውሃው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ የክንፉም ግትርነት እንዲሁ ማደግ አለበት። አምባዛም ሆነ ቆሮሶ ጡንቻውን በመወጠር ጅራቱን ሊያጠነክር ይችላል፤ ላስቲክ ግን አይችልም። በአሜሪካ የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳዩት፣ የጅራቱን ውጥረት እየዋኘ የሚለውጥ ሮቦት ግትርነቱ ከማይለወጠው ጋር ሲነጻጸር የጉልበት ፍጆታው ወደ ግማሽ ወርዷል። ለጣና ጀልባ ይህ ውስብስብ ነው፤ በአንድ የተመረጠ ፍጥነት ለሚመላለስ የጭነት ጀልባ ግን አንድ ግትርነት ሊበቃ ይችላል።

መለኪያው ቀላል ነው። ክንፉ የተነቀለለት ጀልባ በሰከንድ 1 ሜትር ሲጎተት የገመዱ ሚዛን 40 ኒውተን ቢያሳይ፣ ጠቃሚው ኃይል 40 ዋት ነው። በክንፉ በዚያው ፍጥነት ሲሄድ ባትሪው 100 ዋት ቢያወጣ፣ የጠቅላላው ብቃት ከመቶ 40 ይሆናል። ቀጥሎ ፕሮፔለሩ በዚያው ጀልባ ላይ ይለካል፤ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ፣ ከዚያም እምቦጭ ባለበት።