እንቅልፍ የሚነሳ ዋርድ



እ.ኤ.አ. በ1895 በሃርቫርድ አንድ የመማሪያ አዳራሽ ውስጥ የተነገረ ቃል 5.5 ሰከንድ ያህል ያስተጋባ ነበር፤ ተማሪው መምህሩን መስማት አቃተው። ዋላስ ሳቢን የተባለ የፊዚክስ መምህር ሌሊት ሌሊት የወንበር ትራስ እያስገባ ለካ። ትራሱ በበዛ ቁጥር ማስተጋባቱ አጠረ።

የእኛ ዋርዶችስ? ግድግዳው ሴራሚክ፣ ወለሉ ሴራሚክ። ለማጽዳት ይመቻል፤ ግን የሞኒተሩ ጩኸትና የጋሪው ኳኳታ የሚውጠው አጥቶ ይመላለሳል። የልብ ድምፅ ለማዳመጥ ስንቴ «እባካችሁ ዝም በሉ» ብለናል! የዓለም ጤና ድርጅት ለዋርድ የመከረው 30 ዴሲቤል ነው፤ ሹክሹክታ በሉት።

ስለዚህ ዋርድ ስታሠሩ መሐንዲሱን ድምፅ የሚውጥ፣ የሚታጠብ ኮርኒስ ጠይቁት። በሽተኛው ይተኛበት።